ብቻዬን ክሩዝ የወጣሁ ቀን

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት የነበረው ዓመት ነው። እንደ ዛሬው ያኔም አምቦ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ዕድሜዬ አርባን ዘለል ብሏል፤ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ለዓመታት አብራኝ የኖረችው እናቴ ክረምቱ ሊገባ ሲል አርፋብኛለች። ተማሪዎቼ ከፊቴ «ቲቸር ጽጌ» ይሉኛል፤ ስቆጣ አፌ ስለማይያዝ ከኋላዬ ሌላ ስም እንደነበረኝም አውቃለሁ፤ እሱን ግን እዚህ አልጽፈውም።

እናቴን ከቀበርን በኋላ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታደሰ አዲስ አበባ ተቀምጦ የእኔን ሕይወት ማስተካከል ጀመረ። ክፋት የለበትም፤ እግዜር ያውቃል፣ ይወደኛል። «ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት ዘግታ ማደር ምን የሚሉት ነገር ነው?» አለ። ግቢው ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ቀለም አስቀባልኝ። ዝውውሬን የሚያስጨርስ ሰው ፈለገ። ማታ ማታ ልጆቹን እንደማስጠናም ራሱ ወሰነ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ምንም ቢሉት «እሺ» ነው የሚለው፤ እኔም «እሺ» አልኩ። ሰኞ አይሱዙ ይዞ መጥቶ፣ ዕቃዬን ጭኖ፣ እኔንም ከዕቃው ጋር ሊወስደኝ ተቀጣጠርን።

ሊወስደኝ ቀናት ሲቀሩት ከትምህርት ቤት ስወጣ የመብራት ምሰሶ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። «የአንድ ቀን ክሩዝ በደንዲ ሐይቅ። ትራንስፖርት፣ ምሳና ጀልባን ያካተተ፤ በአነስተኛ ዋጋ» ይላል። «ክሩዝ»፣ የመርከብ ሽርሽር፣ የምትለዋ ቃል ናት የገደለችኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በጠመኔ የውቅያኖስ ሞገድ ስስል፣ ስለ ባሕር ነፋስ ሳስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ጀልባ ላይ እግሬን አሳርፌ አላውቅም። ደንዲንም ቢሆን በየዓመቱ «ክሬተር ሌክ ማለት» እያልኩ አስተማርኩት እንጂ አላየሁትም። ቅዳሜ ሄጄ ልየውና ሰኞ አገሩን ልልቀቅ ብዬ ተመዘገብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ትልቅ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ቅጥቅጥ መጣ። ገመቹ የሚባለው አዘጋጁ፣ ድምፅ ማጉያ በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ለፍላፊ ሰው፣ በሩ ላይ ቆሞ ሰዉን ይቀበላል። አንድ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ቡድን አለ፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አሉ፤ ልጃቸውን ያስመረቁ ቤተሰብ ከነዘመድ አዝማዱ አለ። ተራዬ ሲደርስ «ከማን ጋር ነሽ?» አለኝ። ብቻዬን ነኝ አልኩት። አይ፣ የየትኛው ግሩፕ ነሽ ማለቱ እንደሆነ አስረዳኝ። የትኛውም አይደለሁም፣ ከፍዬ የመጣሁ ሰው ነኝ ስለው ፊቱን አዘን አድርጎ «አይዞሽ» አለኝ። እንደ ለቀስተኛ። ከዚያም የኋላ ጎማው ላይ ያለውን ወንበር አሳየኝ።

እዚያ ወንበር ላይ ሌላ ብቸኛ ተቀምጠዋል። ስልሳውን ያለፉ ሴትዮ ናቸው፤ አዲስ ሸራ ጫማ አድርገዋል፤ ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው ተከናንበዋል። «አካም ጅርቱ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። ፊታቸው በራ፤ «ነጋ፣ ነጋ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ደህና ነኝ ልጄ ማለታቸው ነው። አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ እጃጂ ቅቤና ማር ይነግዳሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ይህን ጉዞ ከአምቦ የሄደ ነጋዴ ነግሯቸው፣ አርብ ዕለት ከእጃጂ መጥተው ዘመድ ቤት አድረዋል። ከማን ጋር መጡ ብዬ እኔው ራሴ ጠየቅኳቸው፤ ልማድ ክፉ ነው። ሳቅ አሉና «ከእግሬ ጋር» አሉኝ።

በጊንጪ አልፈን ወደ ደቡብ ታጥፈን ዳገቱን ስንወጣ መዘምራኑ ይዘምራሉ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ይቀላለዳሉ፤ የምርቃቱ ቤተሰብ በየመቀመጫው ዳቦ ያስተላልፋል። ለእኛ የሚያስተላልፍ የለም፤ የማንም አይደለንማ። አዴ ጫልቱ ከዘንቢላቸው በሶ አወጡ። እኔ ጎማው ሲነጥር ከወንበሩ እየተነሳሁ፣ ለዚህ ነው እንዴ ብቻዬን የመጣሁት ስል ራሴን እረግማለሁ።

ተራራው ጫፍ ላይ ከመኪናው ወርደን ቁልቁል ሳይ ግን አፌን ያዝኩ። ሁለት ሐይቅ፣ መሐል ላይ በቀጭን አንገት ተጋጥሞ፣ ተራራው ዙሪያውን ታቅፎት ተኝቷል። በሰሌዳ ላይ ስምንት ቁጥር አድርጌ የምስለው እሱ ነው። ስምንት ቁጥር ብቻ መስሎኝ ኖሬያለሁ። የእናቴ ነገር ትዝ አለኝና «ይህን ሳታይ» ብዬ እንባዬ መጣ። አዴ ጫልቱ ዞር ብለው ነፋሱ ዓይን ያስለቅሳል አሉኝ፤ ሊሸፍኑልኝ ነው እንጂ ነፋስ እንዳልሆነ አውቀዋል።

ቁልቁለቱን ወርደን ሐይቁ ዳር ስንደርስ መጀመሪያ ምሳ ሆነ። እዚህ ላይ ብቻዬን መሆኔ ጉድ አመጣ። ምሳው በትሪ ነው፤ ትሪው ደግሞ ለግሩፕ ነው። ምግቡን የምታቀርበው ሴት እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። ለአንድ ሰው የሚሆን ትሪ አልመጣም፤ እንዲያው ቢመጣስ ለአንድ ሰው ለብቻው ማቅረብ እንዴት ይሆናል ብላ ተጨነቀች። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ፣ እሷም በእኔ ሞት እጇን ማስገባት አልፈለገችም መሰለኝ። አካባቢውን ቃኘችና አዴ ጫልቱን ጎትታ አመጣች። አንድ ትሪ መሐላችን ተቀመጠ።

አዴ ጫልቱ ጴንጤ ናቸው፤ ጸሎታቸው ረዘም ስላለ ወጡ ቀዘቀዘ። ከአሜን በኋላ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ ላኩ። ገና ሳልውጠው ሁለተኛውን አስከተሉ፤ አንድ ያጣላል ብለው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያጎረሰኝ ሰው አልነበረም። ያን ጉርሻ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

«ክሩዙ» ደግሞ አንዲት ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የእንጨት ጀልባ ናት። ሞተር ከኋላዋ ታስሮባታል፤ ደርዘን የማይሞላ ሰው ትይዛለች። እኔ ደግሞ በሆዴ ፎቅ ያላት መርከብ ጠብቄ ነበር። ገመቹ ተራውን በግሩፕ አወጣው፤ መዘምራኑ ቀድመው፣ መሥሪያ ቤቱ ቀጥሎ፣ የምርቃቱ ቤተሰብ ተከፋፍሎ። የእኛን ተራ ስጠይቀው «እናንተ እኮ ብቻችሁን ናችሁ፤ የትም ትገባላችሁ» አለኝ። የትም የሚገባ ሰው የትም ሳይገባ እንደሚውል ያን ቀን ተማርኩ። ሁሉም ሄዶ እስኪመለስ ዳር ላይ ተቀምጠን ብርዱን ስንጠጣ ዋልን። ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር ሰዉ ወደ ተራራው ጫፍ፣ ወደ መኪናው መውጣት ጀመረ፤ እኛ ሁለታችን ገና ጀልባዋ ላይ መሳፈራችን ነው።

እንዲህ ሆኖ ግን፣ እናንተዬ፣ ሐይቁ በሙሉ የእኛ ሆነ። ጩኸት የለ፣ ፎቶ የለ። ጀልባ ቀዛፊው ዲንሳ የሚባል ዝምተኛ ገበሬ ነው፤ ሰው ስለቀነሰለት ደስ ብሎት ነው መሰለኝ ሌሎቹን ወዳላደረሰበት፣ በቀጭኑ አንገት አልፎ ወደ ሁለተኛው ሐይቅ ወሰደን። እጄን ውኃው ውስጥ ነከርኩ። አጥንት ይሰብራል። ተማሪ መስዬ ስቄ ሳልጨርስ ሞተሩ ተንፈቀፈቀና ቀጥ አለ።

ዲንሳ ገመዱን ጎተተ፣ ደግሞ ጎተተ፣ ትቶት መቅዘፊያውን አነሳ። ይዘገያል እንጂ እንደርሳለን አለን። እኔ ዋና የማልችል ሰው የጀልባዋን ጠርዝ አንቄ «መኪናው ጥሎን ቢሄድስ?» እላለሁ። አዴ ጫልቱ ግን ተመቻችተው ተቀምጠው ወሬ ጀመሩ። ለምን ብቻዬን እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እናቴን፣ ጋሼ ታደሰን፣ ሰርቪሷን፣ ሰኞን ሁሉ። አልመከሩኝም። የራሳቸውን ነገሩኝ። ልጆቻቸው ፊንፊኔ ወስደዋቸው አንድ ክረምት ሙሉ ከርመዋል። የሚወዱ ልጆች ናቸው፤ ውኃ እንኳ ራሳቸው እንዲቀዱ አይፈቅዱላቸውም። ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠዋቸው እግራቸው አበጠ። አንድ ቀን የቤቱ ሰው ሁሉ ሲወጣ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው መናኸሪያ ወረዱ። «እዚያ እያለሁ ማንም አልበደለኝም» አሉኝ። «ግን እንግዳ ነበርኩ። ሰው በቀሪ ዕድሜው ሁሉ እንዴት እንግዳ ይሆናል?»

ዲንሳ ይቀዝፋል። የሰርቪሷ ቀለም ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ ጋሼን ጠይቄው እንደማላውቅ ያኔ ነው የገባኝ።

ከውኃው ወርደን ዳገቱን ስንወጣ የአዴ ጫልቱ አዲስ ጫማ ተረከዛቸውን ልጦት ያነክሳሉ። እኔ ደግሞ ትንፋሽ የለኝም። ጫፍ ላይ ስንደርስ መኪናው የቆመበት ሜዳ ላይ የሙዝ ልጣጭ ብቻ ቀርቷል። መኪናው ሄዷል። ጥለውን ሄደዋል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ገመቹ እያንዳንዱን ግሩፕ «ሙሉ ናችሁ?» ብሎ ጠይቋል፣ ሁሉም «ሙሉ ነን» ብሏል። እኛ ማንም ጋ ስለሌለን ማንም ጋ አልጎደልንም።

ይህ ነገር ከብርዱ ይልቅ አንዘፈዘፈኝ። ጋሼ ልክ ነው፣ ብቻውን የሆነ ሰው ቢጠፋም የሚያውቅለት የለም አልኩ። ገመቹ ጋ ደወልኩ፤ ማግኘት አይቻልም ይላል። ደገምኩ፤ ያው ነው። በዚያ ሰዓት ከዚያ ተራራ ላይ ሊያወርደን የሚችል፣ መኪና ያለው፣ «ና» ብለው የሚመጣ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ። ጋሼ ታደሰ። ግን «ና ድረስልኝ» ካልኩት ነገሩ እንዳበቃ አውቃለሁ። ብቻሽን መኖር አትችዪም ሲለኝ የነበረውን በገዛ አፌ ፈረምኩለት ማለት ነው፤ ሰኞ ያለ ምንም ቃል አይሱዙው ላይ መውጣት ነው።

ስልኩን እንደያዝኩ ራሱ ደወለ።

«ጽጌ፣ መኪናው ተገኝቷል» አለኝ ደስ ብሎት። «ሰኞ ጠዋት ደጅሽ ነን። ዕቃሽን አሳስረሽ ጠብቂኝ። ምንድነው የሚጮኸው? የት ነሽ?»

ነፋስ ነው፣ ደንዲ ሐይቅ ነኝ አልኩት።

«ከማን ጋር?»

አዴ ጫልቱን አየኋቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አውልቀው ተረከዛቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያብሳሉ።

«ብቻዬን» አልኩ።

ድምፁ ተለወጠ፤ በምን እንደምመለስ ጠየቀኝ። መዋሸት ይቻል ነበር። መኪናው ጥሎኝ እንደሄደ ነገርኩት።

«እኔ ምን አልኩሽ? እኔ ምን አልኩሽ ጽጌ? በይ እዚያው ቁሚ፣ አሁኑኑ እነሳለሁ።»

«አትምጣ ጋሼ።»

«ምን?»

«ዛሬም አትምጣ፤ ሰኞም አትምጣ። እኔ ከአምቦ አልወጣም።»

ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጋሼ ተቆጣ፣ ሐዘኑ አእምሮዬን እንደነካው ተናገረ፣ የእናታችንን ስም ጠራ። አለቀስኩ፤ እንደምወደው ነገርኩት፤ ቃሌን ግን አልመለስኩም። እሱ ዘጋው።

አዴ ጫልቱ ሁሉንም ሰምተዋል። ቀና ብለው አዩኝና «ኢንተለ ኮ፣ ጀግና ነሽ» አሉ፤ «ግን መጀመሪያ መኪና አግኝተን ቢሆን ጥሩ ነበር።» እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅ አፈነኝ። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ መሄድ ጀመርን። እሳቸው ጫማቸውን ዘንቢል ከተው በካልሲ፣ እኔ ክንዳቸውን ይዤ። ብዙም ሳንርቅ ከኋላችን ድንች የጫነ መኪና መጣ። ሲጠጋ አየሁት፤ አይሱዙ ነው። አይሱዙ ላይ መጫኔ ካልቀረ ወደ አምቦ ልጫን ብዬ መንገዱ መሐል ቆምኩ። አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ ከሹፌሩ ጋር ተነጋገሩ፤ የአገር ልጅ ሆኖ ተገኘና ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተን ገባን። ሹፌሩም የጠየቀን የመጀመሪያ ጥያቄ ከማን ጋር እንደመጣን ነው።

ጊንጪ ስንገባ ገና ብርሃን አለ። አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ ያ ቅጥቅጣችን ቆሟል። ሰዉ ጥብስ በልቶ ጥርሱን እየፋቀ መሳፈር ጀምሯል። እኔ የገመቹን አንገት ልይዝ ስንደረደር አዴ ጫልቱ እጄን ያዙና «ቆይ እስቲ፣ እንይ» አሉኝ። ዝም ብለን ገብተን የጎማው ወንበራችን ላይ ተቀመጥን። ገመቹ በመተላለፊያው ሲያልፍ አየን፤ «እንዴ፣ እናንተ ጥብስ አልበላችሁም?» አለን። አልበላንም አልነው። ጥሎን እንደሄደ እንኳ አላወቀም፤ ሳቃችን እንዳያመልጠን ፊታችንን አኮሳትረናል።

ከዚያ ድምፅ ማጉያውን አነሳ። «ግሩፖች፣ ሙሉ ናችሁ?»

መዘምራኑ «ሙሉ ነን» አሉ። መሥሪያ ቤቱ «ሙሉ ነን» አለ። የምርቃቱ ቤተሰብ ተቆጠረና እሱም ሙሉ ሆነ። ሹፌሩ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል አዴ ጫልቱ ከወንበራቸው ተነሡ፤ የፊት ወንበሩን ተደግፈው፣ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ ገበያ ላይ ዋጋ በሚጠሩበት ድምፅ «እኛም ሙሉ ነን» አሉ።

መኪናው በሙሉ ዞሮ አየን። ለምን እንዲያ እንደጮኹ የገባው አንድም ሰው የለም።

ሰኞ ጋሼ አልመጣም። እስከ ገና ድረስም አልደወለልኝም፤ ያ ጊዜ ከበደኝ፣ አልዋሽም። ባዶ ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ የቁልፉ ድምፅ የሚያስደነግጠኝ ማታ ብዙ ነበር። እየቆየ ግን ያ ድምፅ የራሴ በር ድምፅ ሆነ። ተማሪዎቼን ደንዲን አየሁ ብዬ ሳስተምራቸው ዓይናቸው ይፈጥ ነበር፤ ስምንት ቁጥር መሳል ተውኩ።

ከአዴ ጫልቱ ጋር ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም። መንገዱ ደህና በሆነ ዓመት ሁሉ ርካሽ ጉዞ እየፈለግን ሄደናል፤ ወንጪ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር። ሁለታችንም ለየብቻችን እንመዘገብ ነበር፤ እሳቸው እንዲያ ነበር የሚወዱት። ባለፈው ዓመት እጃጂ ላይ ቀበርናቸው። ልጆቻቸው እንዲያ ስንሰቀሰቅ አይተው ምናቸው እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ግሩፓቸው ነኝ አልኳቸው። አልገባቸውም፤ እጄን ይዘው ከቤተሰቡ ጋር አስቀመጡኝ።

አንባቢዎቼ፣ ብቻችሁን በርካሽ የጀልባ ጉዞ ልትሄዱ ብትነሱ ምን ትጠብቁ? መርከብ አትጠብቁ። ክፉውን ወንበር ትይዛላችሁ፤ ተራችሁ የመጨረሻ ይሆናል፤ በየደረሳችሁበት «አይዞሽ» ትባላላችሁ። ሲነሱ ቀድማችሁ መኪናው በር ላይ ቁሙ። ከዚህ የቀረውን እኔ ልነግራችሁ አልችልም።

ይህን የምጽፈው ግን ለእናንተ ብቻ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ጋሼ ታደሰ ደወለልኝ። ጡረታ ወጥቷል፤ ባለቤቱ ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ልጆቹ አግብተው በየፊናቸው ናቸው። በዚያ ትልቅ ግቢ ውስጥ እሱና ዘበኛው ብቻ ቀርተዋል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ ብዙ ካወራኝ በኋላ ያ የጀልባ ጉዞ አሁንም አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለ አልኩት። አብሬው ልምጣ ወይ ስለው እምቢ አለ፤ «አንቺም ብቻሽን አይደል የሄድሽው?» አለኝ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ጠራሁት።

«መንገዱን አልፈራም» አለኝ፤ ድምፁ የእሱ አልመስል አለኝ። «ምሳውን ነው። ብቻዬን ተቀምጬ መብላት ከበደኝ ጽጌ። ቤትም ከብዶኛል።»

ያ የሚቆጣኝ፣ የሚወስንልኝ ወንድሜ ነው እንዲህ የሚለኝ።

«ሂድ ጋሼ» አልኩት። «እዚያ ማንም ብቻህን አያስበላህም።»